የማዳሜ ጨዋ ሳይክል

ዛሬ ሳይክሌን እየነዳሁ አንድ ባለመኪና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ትንሽ አያፍሩም?» አይለኝም!

ሳቄ መጣ። ይቺን ነገር በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ቤይሩት የቤት ሠራተኛ ሳለሁ ጠግቤያት ነው የመጣሁት።

ባዳሮ በሚባለው ሰፈር ጠዋት ጠዋት ዳቦ የማመጣው በአሠሪዬ በማዳሜ ልጅ አሮጌ ሳይክል ነበር። አንድ ቀን ማዳሜ በረንዳ ላይ ወጥታ፣ ሰፈሩን ሁሉ እያሰማች «ያላ፣ ቶሎ ውረጂ! ሰው ምን ይላል?» ብላ ጮኸችብኝ።

ላብ በላብ ሆናለች። ሳሎን ከተተከለው የማቅጠኛ ሳይክሏ ላይ መውረዷ ነዋ!

ኸላስ፣ በቃ፣ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ዳቦው ቀዘቀዘ ብላ ደግሞ ተቆጣች።

የእሷ ሳይክል ያኒ፣ ማለቴ፣ ጨዋ ነው። ስንት ዓመት ተነድቶ በር ላይ እንኳ አልደረሰም፤ እሷም አልቀጠነች።

እናንተንስ ከሳይክል ውረዱ ያላችሁ ማን ነው? እሱስ የት ደረሰ?