ባህር በጀሪካን

ሰው ሥራ ሲያቆም ዶሮ ያረባል። የባሰበት በግ ያደልባል። የእኔ ባል ግን ወልቂጤ ላይ፣ የቧንቧ ውኃ ደስ ሲለው ብቻ ብቅ በሚልበት ሰፈር፣ የባህር ዓሣ ካላረባሁ ብሎ ድርቅ አለ።

ዕድሜውን የፈጀው በጅቡቲ መስመር፣ ከባድ መኪና ላይ ነው። ሐኪሙ «ይሄ ዓይን ከእንግዲህ መሪ አያስይዝህም» ካለው ወዲህ መኪናውን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያንሿሿል። «ሐኪም ምን ያውቃል፣ እኔ ከማዶ ያለች ዝንብ አያለሁ» ይላል። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ይነዳና ራሱንም መንገደኛውንም ይፈጃል። ስለዚህ ዓሣ ሲለኝ እሺ አልኩ። ቤት ካዋለው ጉማሬም ያርባ።

በርና መስኮት የሚሠራው ጎረቤታችን መስታወት ገጣጥሞ የዓሣ ገንዳ ሠራለት። ውኃ በሞላንበት ዕለት ሥሩ አፈሰሰና ምንጣፌ ተበላሸ። እንደገና በሲሊኮን ተለጠፈ። ከዚያ ጨው ተባለ። ባሌ ከሱቅ የወጥ ጨው ገዝቶ በባልዲ ሲበጠብጥ ዋለ፣ ማማሰያዬንም ወሰደብኝ። ማታ ለጓደኛው ደውሎ ሲነግረው፣ ያም እንደሱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ከት ብሎ ሳቀበት። «ዓሣ ልታረባ ነው ወይስ ልትቀቅል?» አለው። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል ይባላል። የእኛ ጨው ጣፍጦም ከመደፋት አልዳነም።

በመጨረሻ ያው ጓደኛው ባህሩን ራሱን ከጅቡቲ ጭኖ መጣ። በጀሪካን። ውኃ ለመቅዳት ሰልፍ በሚያድርበት ከተማ፣ የማይጠጣ ውኃ በቢጫ ጀሪካን ተጭኖ ቤቴ ገባ። ጎረቤቶቼ «እናንተማ ምን ጎደላችሁ» ብለው በቅናት ሲያዩኝ ምን ልበላቸው? ከውኃው ጋር ከባህር የወጣ ድንጋይና ነጭ መስመር ያላቸው ብርቱካናማ ዓሦች መጡ። ዓሦቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ አንዱ ብቻ ተረፈ። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋለት ሞተር ይቆማል። ያን ጊዜ ባሌ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ውኃውን በኩባያ እየቀዳ መልሶ ከላይ ያፈስለታል፣ አየር እንዲያገኝ። እኔ አተኩሶኝ ስተኛ እንዲህ ተቀምጦልኝ አያውቅም።

የተረፉትን ጀሪካኖች ኩሽና በር ላይ፣ ከእኛ የመጠጥ ውኃ ጎን ደረደራቸው። ወልቂጤ ውስጥ ቢጫ ጀሪካን የሌለበት ቤት ካለ ያሳዩኝ። «ምልክት አድርግባቸው» አልኩት። «እኔ አውቃቸዋለሁ» አለኝ። ማወቁንማ እሱ ያውቃል።

አማቴ ከቸሃ ሊጠይቁን የመጡት ያኔ ነው። የጸሎት ቡድናችን እኛ ቤት የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። አማቴ ቡና እንደ አገራቸው በጨውና በቅቤ ነው የሚያፈሉት፤ እኔን ከጀበናው አካባቢ አባረው ራሳቸው ተቀመጡ። ውኃው ሲያንስባቸው እጃቸው ከደረሰበት ጀሪካን ጨመሩበት። ሲኒው ዞረ። ከቡድናችን ከገጠር የመጡት ሽማግሌ ፉት አሉና «ዛሬ ጨዉ ጠበቅ ብሏል» ብለው ጨረሱት። የከተማው ልጅ፣ አስተማሪው፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት እንዳለ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጸሎቱ ነክቶት መስሎኝ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። አማቴ ራሳቸው ቀምሰው «እንዴት ያለ የተባረከ ውኃ ነው፣ ጨው ያስተርፋል» ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ። ሮጬ ኩሽና ስገባ በዚያው ውኃ ጎመን ተጥዷል፣ ዕቃ ታጥቧል፣ ጀሪካኖቹም ባዶ ሆነዋል።

ልቆጣ አልችልም፣ አማት ናቸው። ባሌም እናቱን አልተቆጣም። ይልቅ ፊቱ በራ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ «የገንዳው ውኃ ካልተቀየረ ዓሣው ይሞታል» አለ። «ዓርብ ራሴ ነድቼ ሄጄ አመጣለሁ።»

«ጓደኛህ ያምጣልህ።»

«እሱ የሰው ጭነት ነው የሚጭነው። እስኪመለስ ዓሣዬ ይጠብቃል?»

«ዓይንህስ?»

«ዓይኔ ምን ሆነ? እዚህ ቤት ዓይን ዓይን ሲባል ሰለቸኝ።»

አማቴን እንዲገሥጹልኝ አየኋቸው፤ እሳቸው በጎመኑ አፍረው አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔም ምርር አለኝ። ይሄን ሁሉ ጣጣ የቻልኩት፣ ምንጣፌን፣ ማማሰያዬን፣ የሞተሩን ጩኸት፣ እሱን ከመሪ ለማራቅ ነበር። አሁን ዓሣው ራሱ መልሶ መሪ ሊያስይዘው ነው። «ሂድ በቃ» ልለው ምንም አልቀረኝ።

እጄን ይዞ ገንዳው ፊት አቆመኝ። «ነይ፣ ዓይኔን ፈትኚው። ይኸውልሽ ዓሣው፣ ከላይ ነው ያለው። ብርቱካናማ። እንዴት እንደሚንሳፈፍ እዪ።»

ዓሣው ከላይ አልነበረም። በግራ በኩል፣ ከድንጋዩ ሥር ተወሽቆ ጭራው ብቻ ይታያል። ከላይ መስታወቱ ላይ የሚታየው የእኔ ሻሽ ነጸብራቅ ነው።

አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ።

«ሄደ» አለ። ተመልሼ ቆምኩ። «ተመለሰ» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ መልሶ መስታወቱን አየ።

«ያሰርሽው ሻሽ ቀለሙ ምንድን ነው?» አለኝ።

ልዋሸው ፈልጌ ነበር። «ብርቱካናማ» አልኩት።

ሶፋው ላይ ተቀመጠ። አማቴ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ተነስተው አጠገቡ ሄዱ። ስልኩን አወጣና አቀበለኝ፤ ቁጥሩን እንዳወጣለት ነው። ለጓደኛው «ውኃውን አንተው ጫንልኝ፣ እኔ አልመጣም» አለው። ለምን እንደሆነ አልነገረውም።

ውኃው የመጣው ዘግይቶ ነው፣ ዓሣው ግን ጠበቀ። አሁን ጀሪካኖቹ ላይ በትልቁ «ባህር» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደግሞ፣ ወጥ ጥጄ፣ ሽንኩርት እያቁላላሁ፣ «የት ነው ያለው?» በተባልኩ ቁጥር እሳቱን ትቼ ሳሎን እሄዳለሁ።

«ከድንጋዩ ሥር።»

«በልቷል?»

«በልቷል» እለዋለሁ፤ ሽንኩርቱም ያራል።