ለቡሬ የደረሰው ኮለም

ጠዋት ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስነሣ ልሸነፍ አላሰብኩም። በርበሬ ምን ያህል እንደሚያቃጥል የምንለካበት ዘዴ ዘንድሮ የማን ይሁን፤ የእኔ ወይስ የቡሬዋ ባልደረባዬ የይታይሽ? የሁለቱ ላቦራቶሪዎች አለቃችን «በአንድ መሣሪያ ሞክራችሁ አሳዩኝ» ብለዋል። ኮለሜን በሻሽ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍሽው?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት የበርበሬ ነጋዴ፣ እማማ ዘሃራ።

«የብረት ቱቦ ነው፣ እማማ። ውስጡ ዱቄት ተጠቅጥቋል። የበርበሬ ጭማቂ በፈሳሽ ሲገፋበት ዱቄቱ አንዱን ይዞ ያዘገያል፣ ሌላውን ቶሎ ይለቃል። እንዲያ ይለያያሉ።»

«የሚያቃጥለውንማ ምላሴ ይለየዋል። ቱቦሽስ ያስነጥሰዋል?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

ማንኩሳን ስናልፍ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል። እኔ ይታይሽን አስባለሁ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ አንድ ወንበር ላይ ተማርን። ኮለም ሲከፋፈል ለእኔ አሮጌው፣ ሲ አሥራ ስምንት የሚባል ዱቄት ያለበት ደረሰኝ፤ ለእሷ አዲሱ፣ ፌኒል የሚባለው። በእኔው ሁለት የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች ተጣብቀው መሣሪያው በሚስለው መስመር ላይ አንድ ጉብታ ሆነው ይወጣሉ። ፈሳሹን ስንት ጊዜ ቀያየርኩ፤ አልተላቀቁም።

ቡሬ

ይታይሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እትዬ ብርቄ፣ ደከሙ አይደል? መጀመሪያ ምሳ ይብሉ።» ሽሮው ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

የእኔን አስቀደምን። ያው አንድ ጉብታ። የእሷ ኮለም ሲገባ የጉብታው አናት ላይ ስንጥቅ ታየ፤ እስከ ታች ግን አልወረደም። ደስ አለኝ።

ዓይኔ የሚገፋው ፈሳሽ ጠርሙስ ላይ አረፈ፤ አሴቶናይትራይል ይላል። አንብቤዋለሁ፦ ይህ ፈሳሽ ፌኒሉ ሁለቱን የሚለይበትን ጉልበት ያደክምበታል፤ ሜታኖል የሚባለው ሌላው ፈሳሽ ግን አይነካበትም። ዝም ብል ሁለታችንም እንወድቃለን። እንኳን!

«አዲሱም ዋጋ የለውም እንግዲህ» አለች ይታይሽ። «አለቃችንን ይመልሱት እላቸዋለሁ።»

ያን ሁሉ የተመኘሁትን!

«ኮለሙን አትስደቢው!» ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ሜታኖል አምጪ።»

መሣሪያው አዲሱን ፈሳሽ እስኪለምድ ጠበቅን። ከዚያ ሁለት ጉብታዎች፣ በመካከላቸው ባዶ ሜዳ ትተው፣ ወጡ። ይታይሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ፣ ዘዴው በእርስዎ ስም ይሁን!»

«ኮለሙስ?»

«እሱማ የቡሬ ነው።»

ወደ ቤት

ኮለም አስቀድሞ ይመረጣል፤ ፈሳሹ ከእሱ በኋላ ይመጣል። እኔ ከጅራቱ ጀምሬ ስለፋ ከረምኩ። አለቃችን ደውለው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፤ የዘንድሮውን የበርበሬ ናሙና ግን ኮለሙ ያለበት ቡሬ ይሠራዋል።

ቤት ገብቼ አሮጌውን ኮለሜን መደርደሪያ ላይ መለስኩ፤ ሻሹን አጥቤ አሰጣሁ። አንድ ቀን የይታይሽን ኮለም ልዋስ እሄዳለሁ። እንደምመልሰው ግን ከአሁኑ ቃል አልገባም።