መስፍን ተኝቶ ያለፈው ተረት

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት እንዲሁ አይገኝም ነበር። አባባ የምንላቸው አያታችን ጉልበታቸው ካልታሸ አፋቸውን አይከፍቱም። ቴፒ ዳር ባለው ቤታችን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ኩራዙ ጥግ ላይ እየጨሰ፣ እናታችን ቅቤና የተወቀጠ እርድ በገል አድርጋ ፍሙ ዳር ታሞቃለች፤ እኔ ግራ ጉልበታቸውን፣ ታናሽ ወንድሜ መስፍን ቀኙን ይዘን ቁጭ እንላለን። እጃችን ከሠራ ተረቱ ይሄዳል፤ እጃችን ከቆመ ተረቱም ይቆማል። «ማን ነው ያረፈው?» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ እኛም እንደገና ማሸት ነው። እርዱ ከጓሯችን ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎና ደርቆ ለነጋዴ ከተሸጠው የተረፈ ነበር። ጣቶቻችን ቢጫ እንደሆኑ ይሰነብታሉ። ትምህርት ቤት የከተማ ልጆች ሲስቁብን እኛ ግን እንኮራ ነበር፣ ተረቱን የሰማነው እኛ ነን።

ከሁሉ የምንወደው የማር ቆራጩን ነበር። ማር ቆራጩ ጫካ ውስጥ ከረጅም ዛፍ ላይ ይወድቅና ዳሌውን ይጎዳል፤ ውሎ አድሮ የዳሌው አጥንት ይሞታል። ያኔ ከተረቱ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነበር፤ ሰውየው በሕይወት እያለ አንድ አጥንቱ ብቻውን እንዴት ይሞታል? ሚስቱ ጉሬዛ ዘንድ ትሄዳለች። ጉሬዛው እርድና ቅቤ ይሰጣትና «ሕመሙን ያስታግስለታል፤ የሞተውን አጥንት ግን አያስነሣም። ዛፍ መውጣት ይቅርበት፣ ምርኩዝ ይያዝ» ይላታል። ማር ቆራጩ ይሄን ሲሰማ በንዴት ይጦፋል። ምርኩዝ የሽማግሌ ነው ይልና እያነከሰ ጅብ ዘንድ ይሄዳል። ጅቡም ደስ ብሎት ይቀበለውና «የሞተ አጥንት ማስነሣት? እሱማ የእኔ ሙያ ነው!» ይለዋል።

እዚህ ላይ ሲደርስ መስፍን ሁልጊዜ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ ልጅ ነው፤ እጁ አባባ ጉልበት ላይ እንዳለ አንገቱን ይደፋል። እናቴ ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ አባባ «ተዪው፣ ይተኛ። ነገ ይሰማዋል» ይሏታል። ነገም እዚያው ላይ ይተኛል። ቀን እንዳንነግረው ደግሞ በእኛ ቤት ፀሐይ እያለች ተረት ማውራት ነውር ነበር፤ አባባ ሲሰሙ በከዘራ ነው የሚያባርሩን። እንዲህ እንዲህ እያለ መስፍን መጨረሻውን ሳይሰማ አደገ፣ ትዳር ያዘ፣ የራሱን ቡና ተከለ።

እኔ ሚዛን ተፈሪ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። መስፍን ከቴፒ ወጣ ብሎ በሞተር ሲሄድ ጭቃ አንሸራትቶት እንደወደቀና ዳሌው እንደወለቀ የሰማሁት እዚሁ ሆኜ ነው። ወጌሻ መለሰለት፤ የዳነም መሰለ። ከወራት በኋላ ግን ብሽሽቱን እየወጋው ያነክስ ጀመር። ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «የጭኑ አጥንት ራስ ደም ተቋርጦበት እየሞተ ነው፤ ግን ገና አልፈረሰም» አለን። ክራንች እንዲይዝ፣ ሸክም እንዳይነካ፣ ቶሎ ጅማ እንዲሄድ አዘዘው። ማሸትስ ብዬ ጠየቅሁት። «ካስታገሰው ቀስ ብሎ ይቀባ። ክራንቹን ግን እንዳይጥል፤ ቅባት የሞተ አጥንት አያስነሣም» አለኝ። ክው አልኩ። የጉሬዛው ቃል ነበር።

መስፍን ጅማ አልደረሰም። ሚዛን መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ አጠገቡ ካለ አንድ ክፍል ገባ፤ በሩ ላይ «የአዩርቬዳ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና» ተብሎ ተጽፏል። ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ተቀምጦ፣ ከህንድ የመጣ የሺህ ዘመን ጥበብ ነው እያለ ዘይትና ዱቄት ይሸጣል። ሰውየው የዘይቱን ክዳን ከፈተና ለመስፍን አፍንጫ አስጠጋለት።

በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «እታለም፣ ሽታው እኮ የአባባ ጉልበት ነው! እርድ ነው! እንዴት አላምነውም? አጥንቱ ይነሣል አለኝ። ክራንቹን ጣል፣ በእግርህ ስትሄድ ነው ደም የሚመለሰው አለኝ። መድኃኒቱን እስክጨርስ ሌላ ሐኪም እንዳላይ አስጠንቅቆኛል።»

ጮህኩበት። ጅማ እንዲሄድ ለመንኩት፣ ሰደብኩትም። «አንቺ ደግሞ አባባ የተቀቡትን መናቅ ጀመርሽ?» ብሎ ዘጋብኝ። ዕድሜ ልኩን እርድ የቆፈረ ሰው፣ የጓሮውን ሽታ በባዕድ ጠርሙስ አሽገው ሲሰጡት ተማረከ! ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል። በህንድ ያን ጥበብ ተምረው በወጉ የሚሠሩበት እንዳሉ አላጣሁትም፤ ዘይትና ሙቀት የታመመ መገጣጠሚያን እንደሚያለዝብም አባባ ጉልበት ላይ በገዛ እጄ አይቻለሁ። የእኔ ጠብ ከዘይቱ ጋር አይደለም። ሕመም ማስታገሻን ይዞ የሞተ አጥንት አስነሣለሁ ከሚል፣ ሰውን ከሐኪሙ ነጥሎ ለብቻው ከሚይዝ ጋር ነው።

ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙ ቀለል አለው። ቡና ለቀማው ደርሶ ነበርና ክራንቹን ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ከሠራተኞቹ ጋር ጆንያ ተሸከመ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የአጥንቱ ራስ ፈርሷል። አሁን ዳሌውን በሰው ሠራሽ ካልቀየሩለት በቀር እንደ ሰው እንደማይራመድ ተነግሮት የአዲስ አበባ ተራው እስኪደርስ ቤቱ ሆኖ እየጠበቀ ነው።

ዘይቱን የሸጠለት ሰውዬ ጋ ሄድኩ። በሩን በርግጄ ገባሁ። እሱ ግን አልደነገጠም። «የእኔ እህት፣ ወንድምሽ እምነት ጎደለው እንጂ ዘይቱ ምን አጠፋ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። አግዳሚው ላይ ጉልበታቸውን በነጠላ ያሰሩ እናት ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ዘይቱን ይቀቡት፣ ሐኪምዎን ግን እንዳይተዉ» አልኳቸው። ቀና ብለው በጥላቻ አዩኝ። «ተዪን ልጄ» አሉኝ፤ «እሱ ካልሆነ ማን ነው ትድኛለሽ ያለኝ?» እየተሳደብኩ ወጣሁ፤ ሰውየው ሲያባርረኝም አልሰማሁትም።

በዚያው ሰሞን ቴፒ ሄጄ ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ያንኑ ቆርቆሮ ይደበድባል። የመስፍን ልጅ ሶስና እርድና ቅቤውን ፍም ላይ አሙቃ የአባቷን የታመመ እግር ትቀባለች። «እታለም፣ ያንን የማር ቆራጩን ንገሪያት» አለኝ መስፍን። ነገርኳት። ጅቡ ሙያዬ ነው ሲል የልጅቷ አንገት ደፋ አለ።

«ተዪያት፣ ትተኛ» አለ መስፍን። «ነገ ትሰማዋለች።»

«አትተኛም!» አልኩ፤ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት። «ሶስና፣ ተነሽ! አላለቀም!»

ዓይኗን እያሸች ተቀመጠች፤ ቅንድቧ በእርድ ቢጫ ሆነ። ጨረስኩት። ጅቡ ማር ቆራጩን ምርኩዝህን ጣል አለው፣ ጣለ። አንተና እኔ ብቻ እንሁን፣ ለማንም አትንገር አለው፣ እሺ አለ። ዓይንህን ጨፍን አለው፣ ጨፈነ። ከዚያ በላው። ሚስቱ ጫካውን እየጮኸች ስትፈልገው ጅቡ አፉን እየጠረገ፣ «እኔ መቼ ዋሸሁት? የሞተ አጥንት ከእኔ በላይ የሚወድ ማን አለ?» አላት።

ፍሙ ላይ የተረፈው ቅቤ ማረር ጀምሮ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

«መጨረሻው እንዲህ ነበር?» አለኝ መስፍን። «ታዲያ ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?»

«አባባ ‹ይተኛ› ስላሉ ነው» አልኩት። ከነዚያ ምሽቶች የቀረኝ ብዙ ነው፤ የእርዱ ሽታ፣ የኩራዙ ጭስ፣ «ማን ነው ያረፈው?» የሚለው ድምፅ። አባባን እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ። ያን ምሽት ግን፣ ከሞቱ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ተቆጣኋቸው።