ባድሪናት በሦስት ምሽት

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ውጭ አገር፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ከነበርንበት አፓርታማ ሥር አንድ ጡረታ የወጡ ህንዳዊ መምህር ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ደሴ ሃያ ዓመት ሒሳብ ስላስተማሩ አማርኛቸው ከኔ በብዙ ይሻል ነበር። እናቴ ከሆስፒታል ሥራዋ እስክትመለስ እሳቸው ዘንድ እቆያለሁ፤ እሳቸውም ያኔ በረንዳቸው ላይ በከሰል በቆሎ እየጠበሱ፣ ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ተረት ይነግሩኛል።

ከሁሉ የበለጠ የወደድኩት ወጣት ሳሉ ከእናታቸው ጋር ወደ ባድሪናት የሄዱበት ታሪክ ነበር። ባድሪናት በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ያለች የሂንዱዎች የቤተ መቅደስ ከተማ ናት። ያኔ መኪና አይደርስባትም፤ የበረዶው ወቅት ሲገባ የቤተ መቅደሱ በር ይዘጋና ስድስት ወር አይከፈትም። እናታቸው ከሕመሜ ከዳንኩ በእግሬ እመጣለሁ ብለው ተስለዋል፤ የተነሱት ግን ዘግይተው ነው። መምህሩ በመጀመሪያው ምሽት ታሪኩን አቋርጠው የገመድ ድልድይ ላይ ጥለውኝ ወደ ቤት ገቡ። በሁለተኛው የእናታቸው እግር አበጠ፤ በቅሎ እንከራይ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ከላይ የሚወርዱ መንገደኞችም «በረዶ ጀምሯል» አሏቸው።

«ቲቸር፣ ሶ በሩን ክሎዝ አደረጉት?»

«እሱን ነገ» አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ሁሉንም ለእናቴ ዘረገፍኩላት። ፊቷ ተለወጠ። «የጣዖት ተረት ነው እንዴ የሚነግሩሽ? በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ላይብረሪ ትቆያለሽ፣ እኔ ፒክ አደርግሻለሁ።» አለቀስኩ፣ ለመንኩ፤ ወይ ፍንክች! መጨረሻውን ሳልሰማ መቅረቴ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ እጄን ይዛ ልትነግራቸው ወረደች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር፣ ልጅቷ ከዛሬ በኋላ አትመጣም።»

መምህሩ ከሰሉን ማራገባቸውን አቆሙ። «እሺ፣ ልጄ። ግን መንገድ ላይ ጥያት መቅረት ይከብደኛል፤ መጨረሻውን ልንገራት።»

«ኦኬ፣ አምስት ደቂቃ» አለች እናቴ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እንደጨበጠች በሩ ላይ ቆማ።

መምህሩ ቀጠሉ። የመጨረሻውን ዳገት እናታቸው በእጃቸውም በእግራቸውም እየቧጠጡ ወጡ።

«እርስዎ አልደገፏቸውም?» አለች እናቴ ድንገት።

«ላዝልሽ ብላት ተቆጣችኝ። ስለቱ የኔ ነው አለች።»

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። መምህሩና እናታቸው የቤተ መቅደሱ በር ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሱ፤ በበረዶው መሐል በሚፈልቀው ፍል ውሃ ታጠቡ፤ በሩ ተዘግቶም ስድስት ወር ይበራል የሚባለውን መብራት ካህናቱ ዘይት ሲሞሉት አዩ። ዘልዬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ራሴ የወጣሁት ነበር የመሰለኝ።

እናቴ ፍሙን እያየች «የኔም እናት ግሸን ማርያምን እንዲሁ ነው የወጣችው» አለች፤ «እኔን አዝላ።» ስለ አያቴ ስጠይቃት ሁልጊዜ «አሁን ቢዚ ነኝ» ነበር መልሷ። ያን ቀን ግን ስለ ገደሉ፣ ስለ ነፋሱ፣ ነጠላው እንዴት እንደበረረባቸው ሳትጠየቅ አወራች። አምስት ደቂቃው የት እንደገባ እንጃ።

ዛሬ ከባድሪናት መንገድ ብዙውን ረስቼዋለሁ። የማልረሳው የማግስቱን ምሽት ነው። እናቴ ከሥራ መጥታ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር ወረደችና መምህሩ አጠገብ ተቀምጣ «የት ጋ ነበር ያቆምኩት?» አለች።