መሻገሪያ የሌለው ቀበሌ

«ባለድርሻ አካላት» የሚለውን ቃል ስሰማ ጥርሴን ያመኛል። እንጀራዬ ግን እሱ ነው። ሆሳዕና ውስጥ፣ መንግሥት ለልማት የሚመድበው ገንዘብ የት ቦታ ምን ላይ እንደሚውል ሕዝቡ ራሱ አብሮ እንዲወስን በሚያስተባብር ቢሮ ውስጥ ባለሙያ ነኝ። አባቴ ከሰሜን ለመምህርነት ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ሀዲይኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ለምጄ አደግሁ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩትም ከዲግሪዬ ይልቅ በቋንቋዬ ይመስለኛል።

አሠራሩ ሲወራ ደስ ይላል። ከላይ ክልሉ አለ፣ ዞኑና ወረዳው አሉ፤ ከታች ደግሞ ቀበሌው የራሱን ኮሚቴ ይመርጣል። ሽማግሌ፣ ወጣት፣ የሴቶች ተወካይ፣ ከቤተ ክርስቲያንም አንድ ሰው ይገባበታል። ሁሉም አጋር ይባላሉ፤ ሁሉም ካልተስማሙ ገንዘቡ አይለቀቅም። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ከልቤ አምኜበት ነበር። አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ስለ እሱ ሳስረዳ ፊቴ ይበራ ነበር አሉ። አሁን ያን ፊቴን ባገኘው በጥፊ ባልኩት።

ከጃጁራ አለፍ ብሎ ወንዝ ለሁለት የሚከፍለው ቀበሌ አለ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ወደ ገበያም ወደ ጤና ጣቢያም ለመምጣት መሻገር አለባቸው። የሚሻገሩት በግንድ ድልድይ ነበር፤ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች ጎን ለጎን ተጋድመው፣ በላያቸው ጭራሮና አፈር ተደልድሎ። ግንዶቹን ከብዙ ዓመት በፊት ደቦ ጠርተው ያስጋደሙት አንድ የማዶ ገበሬ ናቸው። እሳቸው ሞተዋል። ባለቤታቸው የኮሚቴው የሴቶች ተወካይ ሆነው ተመረጡ፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው።

የመጀመሪያው ምክክር በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተደረገ። ከክልል የመጣው ባለሙያ አማርኛውን በእንግሊዝኛ እያዋዛ ያንበለብለዋል። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው በየመሃሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሳቸው አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ማንም አይችላቸውም፣ ይሄኛው ግን ጭራሽ እንዳልገባቸው አውቄያለሁ።

ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ገና ሳልተረጉምልዎ ተስማሙ?» አልኳቸው።

«እንግዳ እንዲህ ለፍቶ እየተናገረ ዝም ብዬ ልየው? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ከዚያ ተረጎምኩላቸው። ከብዙ ቀበሌዎች መካከል ለድልድይ ቅድሚያ የሚያገኘው ምንም መሻገሪያ የሌለው ነው፤ ይህንንም ቡድን መጥቶ በዓይኑ ያያል። እማማ እንደገና ነቀነቁ። የአሁኑ ግን ገብቷቸው ነው።

ቡድኑ የመጣው በጋ ላይ ነበር። መኪናችንን አቁመን ወደ ወንዙ ስንወርድ ግንዶቹ የሉም። ክው አልኩ። ኮሚቴው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርሰውን ውሃ ተሻግሮ ተሰልፎ ይጠብቀናል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በኩራት አስረዱን። «መሻገሪያ የሌለው ነው ቅድሚያ የሚያገኘው ብላችሁ የለ? መጥታችሁ ግንዱን አይታችሁ፣ እነዚህማ አላቸው ብላችሁ እንዳትሄዱብን አነሣነው።»

እየዘመሩ ነበር ያነሡት። ግንዱንም ሰንጥቀው የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር አድርገውታል። የመጀመሪያውን መጥረቢያ ያሳረፉት እማማ ናቸው።

«የባሌ እጅ ያረፈበት ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲመታው አልፈቀድኩም» አሉኝ። ቀጥለውም ከወንዙ ወዲህ፣ እኛ በመጣንበት በኩል ያለ አንድ የቆርቆሮ ቤት አሳዩኝ። «ልጄ አግብታ እዚያ ገብታለች። ስትወልድ ቅቤዬን ይዤ በአዲሱ ድልድይ ነው የምሄድላት። ጌታ ይባርካችሁ።»

የቡድኑ መሪ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው፤ ፎቶም ተነሣ። የማኅበረሰቡ ተነሳሽነት እጅግ ከፍተኛ ነው ተባለ። እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም። አሠራሩን የሰማ፣ ያመነና እንደተባለው ያደረገ ሰው ላይ እንዴት ይናደዳሉ?

ቀበሌው አንደኛ ወጣ። ዜናውን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ሰብሳቢው አቅፈው አነሡኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መዋቅሩ ተቀየረ። ክልሉም ቢሮዎቹም እንደ አዲስ ተደራጁ፤ አጋር የነበሩት ሄዱና ሌሎች አጋሮች መጡ። አዲሶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ትሑቶች ናቸው። ነገር ግን እነሱ ባልነበሩበት ምክክር የተወሰነውን መቀበል አንችልም፣ ሕዝቡን ራሳችን እናማክር አሉ። ማማከሩን ከሾኔ ጀመሩ፣ ወደ ሙዱላ አለፉ። የእኛ ቀበሌ ተራው ይደርሳል ተባለ።

ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ሞላ። ሰዎቹ ለጊዜው ግንድ እንጣል ብለው አስጠየቁኝ። እኔም አዲሱን ቢሮ ጠየቅሁ። ጊዜያዊም ቢሆን መሻገሪያ ያለው ቀበሌ እንዳለው ተቆጥሮ ይመዘናል፣ ቅድሚያውንም ያጣል የሚል መልስ መጣ። ሄጄ በሀዲይኛ ነገርኳቸው፤ በልቤ እንቢ በሉ፣ ግንዳችሁን ጣሉ እያልኩ። እነሱ ተመካክረው እንጠብቅ አሉ። የባሰው ይሄ ነው፤ ደንቡ እንደሚለው ሁሉም አጋር ተስማማ።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ጮህኩ። «አጀንዳው ተይዟል» አለኝ። ቆይቼ ስጠይቀውም ያንኑ አለኝ። ዓመቱ ዞረ፤ ክረምቱም ተመልሶ መጣ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ምክክሩ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን ልነግራቸው ሄድኩ። ጭቃው ሞተር ብስክሌት እንኳን አያስኬድም፤ የቻልኩትን ያህል በእግሬ ሄጄ ወንዙ ጋ ስደርስ የእማማን ልጅ አገኘኋት። ገና ከአራስ ቤት በቅጡ ሳትወጣ ጋቢ ተከናንባ፣ ሕፃን ታቅፋ ውሃው ዳር ቆማለች። ማዶ እማማ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ በሌላው እጃቸው የቅቤው ዕቃ አለ። በላይ በኩል ዞሮ መምጣት ለጤነኛ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ለሳቸው ጉልበት ደግሞ አይሞከርም።

«ስወልድ ድምፁን በስልክ አሰምቻት ነበር» አለችኝ ልጅቷ። «ልየው ብላ ለመነችኝ። አሁን መብራት ከጠፋ ቆየ፤ ስልኳም ተዘግቷል። ዛሬ እንድንገናኝ በሰው ነው የላክሁባት።»

ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አነሣችው። እማማ ጃንጥላውን ጥለው፣ ዕቃውን መሬት አስቀምጠው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩ። ያ ውሃ በበጋ ልጆች የሚራጩበት ነበር፤ አሁን ድፍርስ ሆኖ ዛፍ ይዞ ይወርዳል። ሲያዩኝ ወደ እኔ ጮኹ። እንደ ምንም ሰማኋቸው።

«ማንን ይመስላል?»

ሕፃኑን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፤ ማንንም አይመስልም። ባለቤታቸውንም በሕይወት ሳሉ አላውቃቸውም።

«ባልዎን!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ደገምኩት። ትንሽ ቆይተው ፈገግ አሉና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ስለ ምክክሩ መተላለፍ መናገር አልቻልኩም። ቢሰሙኝም አልናገርም ነበር።

«ሰማችህ?» አለችኝ ልጅቷ።

«ሰምተዋል» አልኳት።

አልሰሙም። ያንን መነቅነቅ ከዛፉ ሥር ጀምሮ አውቀዋለሁ።