ባቡር ያልሄደበት ሐዲድ

ጦርነቱ ወልድያ በደረሰበት ክረምት የሆነ ነው። ለአንድ ሰው ያልነገርኩት ነገር ስላለ አልረሳውም።

ወልድያ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ከተማው ውስጥ መተኮስ ሲጀመር ባለቤቴን ሰናይትን ይዤ በእግር ወደ መርሳ ወጣሁ። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ተኩስ ስለነበር ከሲሪንቃ በኋላ ወደ ባቡሩ ሐዲድ ታጠፍን። እዚያ ስንደርስ ምጥ ያዛት፤ ደምም ይፈሳት ጀመር። መራመድ አቃታት።

ሐዲዱ ተራራ ተበስቶ፣ የገበሬ መሬት ተወስዶ የተሠራ ነው። እህሉንም ሸቀጡንም ወደብ ያደርሳል ተብሎ ነበር። ሥራው ተቋርጦ ባቡር ሳይሄድበት ሣር በቀለበት።

የሐዲዱ ጥበቃ አባ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የገዛ ማሳቸው ከሐዲዱ ሥር ነው የቀረው። ሰናይትን አዩና ሠራተኞቹ ድንጋይ ይገፉበት የነበረ የብረት ጋሪ ሐዲዱ ላይ ጎትተው አመጡ።

«ቁልቁል እስከ መርሳ ይወርዳል» አሉኝ። «ፍሬን የለውም። በገመድ ከኋላ እንይዘዋለን።»

«አባ፣ አንቱ አይችሉትም።»

«እሷስ ትችላለች?»

ነጠላችንን አንጥፈን አስተኛናት። ገመዱ መዳፌን ላጠው። አንድ ድልድይ ላይ ስንደርስ ማቃሰቷን አቆመች፤ ያኔ ወደ እሷ ልሮጥ ቃጣኝ። አባ ደምሴ «ገመዱን እንዳትለቅ» ብቻ አሉኝ።

መርሳ ዳር ሰዎች በቃሬዛ ተቀበሉን። አባ ደምሴ «ባልቴቴ ብቻዋን ናት» ብለው ከዚያው ተመለሱ።

ከጤና ጣቢያው ሁሉም ሸሽቶ አንዲት አዋላጅ ነርስ ብቻ ቀርታ ነበር። ሰናይትን ከሞት መለሰቻት። ልጃችን ግን ሞቶ ተወለደ።

አገር ሲረጋጋ ስኳርና ሳሙና ይዤ አባ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣

«ሚስትህስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት።»

«የወለደችው ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ስሙን ማን አላችሁት?»

ፊታቸውን አየሁ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ደምሴ» አልኩ።

ሽማግሌው አለቀሱ። ከዚያ ከበረት አንዲት ሴት ግልገል አውጥተው «ይቺ የሱ ናት፤ እኔ አረባለታለሁ» አሉኝ።

ባለፈው ሰሞን በገበያተኛ ላኩብኝ፤ ግልገሏ አድጋ ወልዳለች፣ ልጁን አምጡና ይያት ብለው። ሰናይት «ሄደን እንንገራቸው» ትለኛለች። እኔ ግን እስካሁን መሄጃ እግር አጣሁ።