ቀድሞ ያመነ

በእኛ ገበያ ጠብ ሲነሳ ማን እንዳጠፋ አይጣራም። ማጣራት ጊዜ ይፈጃል፤ ደንበኛም ያሸሻል። ሁለቱ ሰዎች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሽማግሌው መሃል ይገባሉ፣ ከሁለቱ አንዱ «አጥፍቻለሁ» ይላል። ያጥፋም አያጥፋም። ብልጡ ቀድሞ ይላታል፤ ቀድሞ ላመነ ሽማግሌ ያዝንለታልና፣ ጥፋቱን እየቀነሰ እየቀነሰ መጨረሻ ላይ ምንም አያስቀርበትም። ሲከራከር የቆየው ላይ ግን ሁሉም ይደፋል። ጀሪካንና ባልዲ ስሸጥ በኖርኩበት ዘመን ያላጠፋሁትን ስንቴ እንዳመንኩ አላስታውስም። ካመንኩ በኋላ ምሳ አብረን እንበላለን፤ አለቀ።

ይህን ደንብ ይዘው የኖሩት የጎረቤቴ አባት ናቸው። ጎረቤቴ ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ በርበሬና እህል ይነግዳል። ሱቁን የከፈቱት አባቱ ናቸው፤ ዕድሜ ሲጫናቸው ለልጃቸው ትተውለት፣ እሳቸው ከደጁ ተቀምጠው ያስታርቁ ነበር። ፍርድ ቤት የሚሄድ ነጋዴ ካዩ «ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» ይሉታል።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከሻሸመኔ በጭነት መኪና መጥቶ ጎረቤቴ መጋዘን ውስጥ ጆንያ አስቀመጠ። «አደራ፣ ነገ እወስዳታለሁ» ብሎት ሄደ። እኛ ዘንድ የአደራ ጆንያ አፉ አይፈታም፤ መፍታት ባለቤቱን ሌባ ብሎ መስደብ ነው። በነጋታው የመጣው ግን ደንበኛው ሳይሆን ፖሊስ ነው። ጆንያው ሲፈታ ከላይ በርበሬ፣ ከሥር በላስቲክ የታሸገ አደንዛዥ ዕፅ ተገኘ። የደንበኛው ስልክ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደተዘጋ ነው።

ጎረቤቴን ይዘውት ሄዱ። ጣቢያ ሲደርስ መርማሪው ሻይ አዘዘለት። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «እመንና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ከካድክ ይከብድብሃል» አለው። ጎረቤቴ ይህን ንግግር ያውቀዋል፤ ከአባቱ በርጩማ ሥር ሆኖ ሲሰማው ያደገው ነው። እናም እንደ ደንቡ አደረገ። ጆንያው የኔ ነው አለ። ልሸጠው ነበር አለ። «ከዚህ በፊትስ?» ሲለው፣ ከዚህ በፊትም አለ። ሽማግሌው እስኪቀንስለት ድረስ ሁሉንም ተሸከመ። ፈረመ። ከዚያ የሚቀንስለት ሰው ፍለጋ ዞር ዞር ቢል፣ ክፍሉ ውስጥ ከመርማሪውና ቃሉን ከሚጽፈው ልጅ በቀር ማንም የለም።

ይህን ያጫወተኝ እሱ ራሱ ነው፣ ማረሚያ ቤት ልጠይቀው ስሄድ፣ ከሽቦው ማዶ ቆሞ።

«ምን ነካህ አንተ?» አልኩት።

«ለስለስ ያለ ሰው መሰለኝ።»

«ጨርቅ ሻጭም ለስለስ ብሎ ነው የሚሸጥልህ። ስታጥበው ነው የምታውቀው።»

ፈገግ አለና ወዲያው ተወው። «አባባ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

አባባ ደህና አልነበሩም። ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ቤታቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ሐኪሙም ለቤተሰቡ ብዙ ተስፋ አልሰጠም። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የምወስድላቸውን የአሳ ሾርባ አንድ ሁለቴ ፉት ብለው ይመልሱልኛል። የሚፈልጉት ሾርባ አልነበረም። ልጃቸውን ሳያዩ መሞትን ነበር የፈሩት። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ዋስትና ላይ ወደቀ።

ያቆምንለት ጠበቃ አስረዳን። ክሱ ከባድ ቢሆንም የዋስትና በር አልተዘጋም፤ ዳኛው «ይጠፋል» ወይም «ማስረጃ ያበላሻል» ብለው ካልሰጉ ሊፈቅዱ ይችላሉ። «ንብረት ያለው አንድ ዋስ ይበቃል» አለን።

አንድ ዋስ! በእኛ ገበያ ለተከበረ ሰው አንድ ዋስ ማቅረብ «ሌላ ሰው የለውም» ማለት ነው። በቀጠሮው ቀን ረድፉ በሙሉ ሱቁን ዘጋ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የበዓል ጃኬቱን ለብሶ፣ በባጃጅና በሚኒባስ ተጭኖ ችሎት ገባ። በር ላይ ያለው ጥበቃ «ሙሽራዋስ?» አለን።

ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት። ተነሳችና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ወንጀሉን አምኗል» አለች። ቀጥላ ወደ እኛ ዞረች። «ደግሞም አንድ ገበያ ሙሉ የሚዘጋለት ሰው፣ ቢወጣ ምስክር ለማባበል አይቸግረውም።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩን። ወንበር ያልበቃው በግድግዳው ተሰልፏል፤ የተረፈው በመስኮት አንገቱን አስግጓል። ጃኬቴን ማውለቅ አማረኝ። ዋስትናው ተከለከለ። «ቃሉን የሰጠው በተስፋ ተታሎ ነው» የሚለው የጠበቃው መከራከሪያ፣ ዋናው ክርክር ሲደርስ ይታያል ተባለ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አባባ ሄድኩ።

«ተፈታ?» አሉኝ።

«ዋስትናውን ከለከሉት፣ አባባ።»

«ስንት ሰው ሄደለት?»

«ሁሉም ሄደ።»

ፊታቸው በራ። የተከለከለበትን ምክንያት አልነገርኳቸውም።

«ቃሉንስ ምን ብሎ ሰጠ?»

«አመነ።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንቀላፉ መስሎኝ ሳህኑን ላነሳ ስል «ደንቡን ይዟል» አሉ። ቀጥለውም «እዚያ ማን ነበር የሚቀንስለት?» አሉኝ።

«ሾርባው ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልዎት» አልኳቸው።

ዓርብ ጠዋት አረፉ። የሙስሊም ቀብር አያድርም። ማረሚያ ቤት ሮጠን ለቀብር ብቻ እንዲወጣልን ለመንን፤ ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጡ አለን። ፍርድ ቤት ስንደርስ ዳኛው ለምሳ ወጥተዋል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አስከሬኑ ወጣ። ልጃቸው በሌለበት እኛ ጎረቤቶቹ ተሸከምናቸው።

ከቀብር መልስ እንዳለሁ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ከሽቦው ማዶ መጥቶ ቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጃኬት ለብሰሃል» አለኝ።

ሽቦውን ይዞ ቁጢጥ አለ። እኔም ከወዲህ ቁጢጥ አልኩ። «ምን አሉ?» አለኝ።

«ደንቡን ይዟል አሉ።»

ሌላውን ለራሴ አስቀረሁት።

ዋናው ክርክር የተሰማው ወራት አልፈው ነው። ጠበቃው መርማሪውን ሲጠይቀው፣ ሰውየው አልካደም። «አዎ፣ እመን ቤትህ ትገባለህ ብዬዋለሁ። ለሁሉም የምለው ነው» አለ፣ እንደ ሰላምታ ቆጥሮት። ዳኛው በተስፋ ተደልሎ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም ብለው ውድቅ አደረጉት። ቃሉ ሲወድቅ የቀረው ጆንያው ብቻ ሆነ፤ ጆንያውን ደግሞ ሌላ ሰው እንዳመጣው ያወረደው ወዛደር መሰከረ። ጎረቤቴ በነፃ ተሰናበተ። እኔ እንደገባኝ፣ ሕግ «እመን ይቀልልሃል» ተብሎ የመጣን ቃል አይገዛም። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ የተገበያየነው ግን በዚያው ነበር።

ከወጣ በኋላ በቀጥታ የሄደው መቃብር ነው፤ በማግስቱ ሱቁን ከፈተ። ክረምት ሲገባ የሱቁ ሸራ ውሃውን በወዲያ ጎኑ ባለው ሽንኩርት ሻጭ ላይ አፈሰሰና ጠብ ሆነ። በአባባ ቦታ የተተኩት ሽማግሌ በርጩማ አስቀረቡ።

«በል ልጄ፣ አጥፍቻለሁ በልና ይለቅ» አሉት፣ ጎረቤቴን።

«ጠበቃዬን ልጠይቅ» አለ።

እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ሽማግሌው ጠበቁት፤ ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ወደ ጀሪካኖቼ አየሁ። ሽንኩርት ሻጩም «እሱ ካላመነ እኔም አላምንም» አለ። በመጨረሻ ማን እንዳጠፋ ማጣራት ጀመርን። ሸራውን ለካን፣ ቦዩን ቆፍረን አየን፣ ምስክር ጠራን። የምሳ ሰዓት አለፈ። ያን ቀን እያንዳንዱ በየሱቁ ለብቻው በላ።